የቃለ መሐላው በር በማን ተከፈተ?

በአሜሪካ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው ኢትዮጵያዊ ላብ አደር ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሌላ አገር ዜጋ ይሆናል። ለዚህ ለመብቃት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት በቋሚ ነዋሪነት ቆይቷል፤ ስለ አገሪቱ ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ተጠይቆ መልሷል፤ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ መቻሉንም አስመስክሯል። በእኛው አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ቀላል ውሳኔ አይደለም።

እኛ ግን ማንሣት የምንሻው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ በር ለጥቁር ሕዝብ የተከፈተው መቼና በማን ትግል ነው?

ሕጉ ራሱ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ ዜግነት አሰጣጥ ሕግ በሩን የከፈተው «ነጻ ለሆነ ነጭ ሰው» ብቻ ነበር። በጥጥና በትምባሆ እርሻ ላይ ጉልበቱ ሲመዘበር የኖረው ባሪያ ከሰው ተራ አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ. በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ የባሪያ ዘር የሆነ ጥቁር በዚያው ምድር ቢወለድ እንኳ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። ይህን ፍርድ የሻረው የዳኞች ርኅራኄ ሳይሆን ጦርነት ነው። ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች በሰሜኑ ሠራዊት ተሰልፈው ተዋጉ። ባርነት ፈረሰ፤ በ1868 ዐሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአገሪቱ የተወለደውን ጥቁር ዜጋ አደረገው፤ በ1870 ደግሞ ከአፍሪካ የመጣ መጻተኛ ዜግነት እንዲያገኝ ተፈቀደ። (የባቡር ሐዲዱን በላቡ የዘረጋው የቻይና ሠራተኛ ግን እስከ 1943 በውጭ ቆሟል።)

ሆኖም ወረቀትና መብት ለየቅል ናቸው። የደቡቡ ጥቁር ዜጋ በጽሑፍ ፈተናና በምርጫ ግብር ከድምፅ መስጫው ሳጥን ሲባረር ኖሮ፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀለት ታግሎ በ1965 ነው። ዛሬ ወገናችን ያለ ሥጋት ተሰልፎ ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ትግል ፍሬ ነው።

ታዲያ አንዳንድ ወገኖቻችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሲነሣ «እኛ ከእነርሱ አይደለንም» ሲሉ እንሰማለን። ንቃት የጎደለው አነጋገር ነው። የ1870ው ሕግ በአፍሪካ የተወለደውንና የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያለውን የጠቀሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው።