ከሳጃና እስከ ጢስ ዓባይ፤ ወንዝን በብስክሌት ተከትሎ ስለ መማር

ዓባይ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል ተብሎ በፈተና ሲጠየቅ አብዛኛው ተማሪ መልሱን አያጣውም። ከጣና ይወጣል፣ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ይሁን እንጂ ይኸው ተማሪ «ወንዙ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ሜትር ዝቅ ይላል? ጎጃም ውስጥ ገደል የሚቆፍረው ውሃ ሱዳን ሲደርስ ስለምን ሜዳ ላይ ይተኛል?» ቢባል ዝም ይላል። ወንዙን የሚያውቀው በስሙ እንጂ በመሬቱ አይደለምና። መሬትን ለማወቅ ደግሞ ከመኪና መስኮት ይልቅ ብስክሌት ይበልጣል። ዳገቱን ጉልበት ይነግረናል፤ አፈሩን ጎማው ይነግረናል፤ ነፋሱን ፊታችን ይነግረናል።

በዚህ ጽሑፍ የአንድ ወንዝ ሁለት ጫፎች፣ ማለትም በካርቱም የሚገኘውን የሳጃናን ሰፈርና በባሕር ዳር አጠገብ ያለውን ጢስ ዓባይን ይዘን፣ በብስክሌት የሚታዩትን መንገዶች፣ የብስክሌቱን አሠራርና መምህሩ ከዚህ ሊያገኝ የሚችለውን ጥቅም በየተራ እናስረዳለን።

ሀ. ወንዙና ቁልቁለቱ

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,790 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ወንዙ የሚጓዘው ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ነው። ተማሪው ቀንሶ ቢያካፍል ውሃው በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ እንደሚል ያገኛል።

ነገር ግን አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል። ቁልቁለቱ በአብዛኛው የሚያልቀው በኢትዮጵያ ውስጥ በጥልቁ ሸለቆ ነው። ከሮሴሬስ እስከ ካርቱም ባለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ሜዳ ላይ ወንዙ የሚወርደው እጅግ በትንሹ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ የብስክሌተኛው ፈተና ዳገት ሲሆን፣ በሌላው ጫፍ ፈተናው ፀሐይና ነፋስ ነው። አንድ ወንዝ ሁለት ዓይነት ጉዞ ይሰጣል ማለት ነው።

ለ. ከሳጃና የሚነሣው መንገድ

ሳጃና ከካርቱም መኻል ከተማ በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው። ቃሉ በዓረብኛ «የእስር ቤት ጠባቂዎች» ማለት ሲሆን፣ ሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ በሚሸጥበት ገበያው ይታወቅ ነበር። በዚሁ አካባቢ፣ በተለይም በጎረቤቱ በዴም፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዘመናት ኖረዋል፤ ሠርተዋል፤ ልጆች አሳድገዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ከወንዙ ዳር መንገድ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ሞግራን የሚባለውን የሁለቱን ዓባዮች መገናኛ ያገኛል። እኛ ጥቁር ዓባይ የምንለውን ሱዳኖች «አዝረቅ» ይሉታል። ቃሉ በመጽሐፍ ሰማያዊ ማለት ይሁን እንጂ በሱዳን አነጋገር ጥቁርነትንም ስለሚያመለክት፣ የሁለቱ ሕዝቦች አጠራር ይገጥማል። በክረምት ወንዙ ከደጋው ጠርጎ የሚያወርደው አፈር ውሃውን ያጠቁረው ነበርና ስሙ ከመሬት የወጣ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ስላለው፣ ደለሉን ወደ ኋላ ያስቀራል፤ ጎርፉንም ያመጣጥናል። የወንዙ መልክ ከዚህ በኋላ እንዴት እንደሚለወጥ ማስተዋል ለጂኦግራፊ ተማሪ መልካም ጥያቄ ነው።

በሞግራን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ በውሃ ሊዋጡ የነበሩት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው እንደገና የቆሙት በግቢው ውስጥ ነው። ከፋራስ ካቴድራል ግድግዳ የተነሡት የክርስቲያን ኑብያ ሥዕሎችም በዚሁ ይታዩ ነበር። ከዚያ ወደ ምሥራቅ መለስ ሲሉ በወንዞቹ መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት በአትክልቷና በእርሻዋ ትታያለች።

የመንገዱ ዋና ታሪካዊ ስፍራ ግን ሶባ ነው። ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ በምሥራቁ ዳር ሽቅብ ለሚነዳ ሰው ከመኻል ካርቱም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሶባ አልዋ የተባለው የክርስቲያን ኑብያ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ አብያተ ክርስቲያኖቿና ስለ አትክልት ቦታዎቿ ተርኳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር የሶባ ቀይ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንብ ስለ ዋለ፣ ዛሬ የቀረው በአመዛኙ ጉብታና የጡብ ስባሪ ነው። የአንዲት ከተማ ፍርስራሽ ለሌላይቱ መሠረት ሲሆን በዓይን ማየት ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጣል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ይነፍሳል። ስለሆነም ጉልበት ባለበት በማለዳ ነፋስን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ሄዶ፣ ሲደክም ነፋስን ከኋላ አድርጎ መመለስ ብልህነት ነው። ወደ ሶባ ሲኬድ ግን ነገሩ ተገልብጦ መመለሻው ስለሚከብድ፣ ከውሃውም ከጉልበቱም ከግማሽ በላይ ለመልሱ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ሐ. ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ

ባሕር ዳር ሜዳማ ስለሆነች ከጥንት ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በብስክሌት ሲመላለስባት ኖሯል። ጉዞው ቢጀመር የሚሻለው ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ እዚህ ይገኛል። ከዚያ የቤዛዊት ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተሠራው ቤተ መንግሥት አጠገብ ሆኖ ወንዙ በሜዳው ላይ ሲጥመዘመዝ ከላይ ያየዋል። ካርታ የመሬት ሥዕል መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በእርሻና በመንደር መካከል ያልፋል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። በመካከሉም በ1988 ዓ.ም. የጣናን አወጣጥ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ መከተሪያ ተገነባ። ውሃው ወደ ማመንጫው ሲመራ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በክረምት ሲሞላ ወይም ማመንጫው ውሃ ሲለቅ ጢሱ ይመለሳል። እዚህ ላይ መምህሩ ብርሃን ወይስ ፏፏቴ ብሎ ተማሪዎቹን ቢያከራክር ክርክሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይሆንም።

ከፏፏቴው በታች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውና በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለው የአላታ ድልድይ አለ። ወንዙ ጠብቦ በድንጋይ መካከል በሚያልፍበት ቦታ በመሠራቱ አጭር ቅስት በቅቶታል። የባሕር ዳሩ አዲስ ድልድይ ግን ሰፊውን ውሃ መሻገር ነበረበት። ሁለቱን ያነጻጸረ ተማሪ፣ የጥንት ሠሪዎች ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ ቦታን በመምረጥ ላይ እንደ ነበረ ይረዳል።

መ. ብስክሌቱ

ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚስማማው ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ ማርሹም ብዙ የሆነ የተራራ ብስክሌት ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ማርሽ የሌለው የተለመደው ብስክሌት ከፊት 48፣ ከኋላ 20 ጥርስ አለው እንበል። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.4 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን ብስክሌቱ 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። በተራራ ብስክሌት ግን ከፊት 24፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለውን ብንመርጥ ጎማው የሚዞረው 0.75 ጊዜ ሲሆን ብስክሌቱ የሚሄደው 1.6 ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ስለ ወረደ የሚያስፈልገው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሥራው ግን አይቀንስም፤ ብዙ ጊዜ መርገጥ ግድ ይሆናል። የፊዚክስ መምህር ስለ ቀላል መኪናዎች ሲያስተምር ከዚህ የቀረበ መማሪያ አያገኝም።

አሸዋ ላይ ሲገባ ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ ጎማው እንዳይሰምጥ ይረዳል። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ጎማና ፍሬን ላይ ተጣብቆ ብስክሌቱን ያስቆማል። ስለዚህ በጣና ዙሪያ ጉዞው ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ቢሆን ይመረጣል። በሁለቱም አገር የግራር እሾህ ስላለ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ማጣበቂያ ሳይያዙ መውጣት አይገባም። ጎሚስታ በየመንደሩ አይገኝምና።

ሠ. ጉዞው ዛሬ

ከላይ የገለጽናቸው መንገዶች ዛሬ ማንም እንደ ፈለገ የሚነዳባቸው አይደሉም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ከተማይቱን አፍርሷል፤ ሙዚየሙ ተዘርፏል፤ የቱቲ ነዋሪዎች ተከበው ከቆዩ በኋላ ተሰደዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ቢይዝም ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ያለበት መሬት ለጎማ የሚታመን አይደለም። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገዶች አንድ ቀን ተከፍተው ሌላ ቀን ይዘጋሉ። ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ወላጅን፣ የትምህርት ቤቱን አስተዳደርና የቀበሌውን ሽማግሌዎች ሳይጠይቅ እርምጃ ማንሣት የለበትም። የአንድ ልጅ ሕይወት ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል።

ረ. በክፍል ውስጥ

መንገድ ሲዘጋ ግን ትምህርቱ አይዘጋም። ከካርቱም በመተማ በኩል ከተመለሱት ቤተሰቦች ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ በክፍላችን ተቀምጠዋል። አማርኛ ሲጽፉ ይዘገዩ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ሰነፍ ሲባሉ ይሰማል። እነርሱ ግን ሌላው ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀውን የወንዞች መገናኛ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከሰፈሩ እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲሥል መጋበዝ ይቻላል። ገበያው የት ነበር? ጥላ ያለው በየት በኩል ነው? ክረምት ሲገባ ውሃው ምን ይመስላል? ስለ ጦርነቱ ግን ራሱ ካላነሣ አይጠየቅ።

ቀጥሎም በባሕር ዳር በኩል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሌላ ተማሪ የራሱን ይሣል። ክፍሉ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለውን 1,450 ኪሎ ሜትር በአንድ መስመር አገናኝቶ ከፍታውን፣ ግድቦቹን፣ ከተሞቹን ይሙላበት። ሴናር፣ ሮሴሬስና ሕዳሴ ግድብ በየቦታቸው ይግቡ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለ ማንኛውም ጅረት፣ አሮጌ ድልድይ ወይም ደብር ተመርጦ፣ ሰላም ባለበት አካባቢ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ በብስክሌት ወይም በእግር ይኬድ። ሴቶች ልጆችም እኩል ይንዱ፤ ብስክሌቱ አንድ ብቻ ከሆነ በተራ ይያዝ።

በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ ክፍል መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የት እንደሚነሣ፣ የት ውሃ እንደሚቀዳና የት ወርዶ መግፋት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። እስከዚያው ድረስ ካርታው በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቆይ።