ሰይፍ ለያዘ አስማተኛ የትኛው አስማት ይበጀዋል?

ለመስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባ የጉራጌ ልጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ድሮ እናውቅ ነበር፤ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለቤቱ ስኳርና ቡና። ዘንድሮ ቡኢ ከገቡት ሻንጣዎች በአንዱ ውስጥ ግን እርሳስ፣ ላጲስ፣ በቁጥር የተሞሉ ወረቀቶችና አንድ ደብተር ነበሩ። ደብተሩ ላይ በትልቁ “የአስማት መጽሐፍ” ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣው የ13 ዓመት የልጅ ልጄ ነው። ታላቅ እህቴ ጽሑፉን እንዳየች ደብተሩ ምድጃ እንዲገባ ፈረደች፤ ልጁም ጠበል እንዲጠመቅ።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የማላውቀው መድኃኒት ሲገጥመኝ ከመጣሌ በፊት ጽሑፉን አነባለሁ። ስለዚህ ደብተሩን ለአንድ ሌሊት ለመንኩ፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ልጁን ስጠይቅና ሕጉን ሳነብ ከረምኩ። ተመሳሳይ ደብተር በቤታችሁ የተገኘባችሁ ወላጆችና አያቶች ትኖሩ ይሆናልና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ጨዋታው “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ነው፤ በእኛ 1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት መሆኑ ነው። ስልክም ቴሌቪዥንም አይፈልግም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው “ዋሻው በር ላይ ደረሳችሁ፣ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል፤ ልጆቹ ይመልሳሉ፤ የሚሳካና የማይሳካውን ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይ ይወስናል። ተረት ተረት፣ የላም በረት ብለን ያደግነው እኛ ተረቱን ቁጭ ብለን እንሰማ ነበር፤ እዚህ ግን ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ ይገባል። ባለ 20 ገጹ ዳይ ቡኢ ስላልተገኘ ልጆቹ ከ1 እስከ 20 በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከሲኒ ውስጥ ዕጣ እያወጡ ተጫወቱ። በደንብ ይሠራል።

አሁን ወደሚያስፈራው ቃል ልምጣ። አስማት በግዕዝ የ“ስም” ብዙ ቁጥር ነው፣ ስሞች ማለት። በጨዋታው ውስጥ “ዊዛርድ” የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፍ አጥንቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እህቴ እንዳሰበችው ቃልቻ ወይም ጠንቋይ አይደለም። ሳልደብቅ ልናገርና “ዋርሎክ” የሚባል፣ ከአንድ ኃያል ፍጡር ጋር ውል የሚገባ ሌላ ገጸ ባሕርይም አለ። ይህን የማይወድ ወላጅ “እሱን ተወው፣ ሌላ ያዝ” ማለት ይችላል፤ ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም። ፍርሃቱ የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ በ1980ዎቹ ብዙ ወላጆችና አብያተ ክርስቲያናት ጨዋታውን ሰይጣናዊ ነው ብለው ተነሥተውበት ነበር፤ አሳታሚው በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም የአጋንንቱን ስያሜ እስከ መቀየር ደርሷል። በኋላ መልሶታል። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ልጁ የሚደግመው ቃል የለበትም፤ ያለው መደመርና መቀነስ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ከቀየረ ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል፤ ቤት ውስጥም በአንድ ቃል ነው የሚመልስ። በጨዋታው ላይ ግን ሲያወራ ሰማሁት። ችግሩ፣ ገጸ ባሕርዩ ሁለት ጊዜ ሞተበት። የአክስቱ ልጆች ሳቁ። በሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱን አጥፎ “እናንተ ተጫወቱ” ብሎ ተነሣ። እንግዲህ ሦስተኛው እንዳይሞት ማድረግ ሥራዬ ሆነ።

የሚሞትበት ምክንያት ግልጽ ነበር። አስማተኛ በተለምዶ ከኋላ ቆሞ ከሩቅ የሚተኩስ ነው። የእኔው ልጅ ግን አስማተኛውን ሰይፍ አስይዞ ከፊት ያቆመዋል። ሰይፉን የሣለው ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ጢያ ላይ ያሉትን የድንጋይ ሐውልቶች አይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትና ሰይፍ የተቀረጸባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ አስማተኛ በሕጉ ይፈቀዳል፤ “ብሌድሲንገር” ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው “ታሻስ ኮልድረን ኦቭ ኤቭሪቲንግ” ላይ ይገኛል። ነገር ግን ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ የሕይወት ነጥቡ 20 ገደማ ሲሆን እኩያው ተዋጊ 28 አለው። ብረት ለበስ ልብስም አይለብስም። እንዲህ ሆኖ የመረጣቸው አስማቶች በሙሉ እሳትና መብረቅ ነበሩ።

በገጠር ክትባት ስንወጣ መድኃኒት ቤቱን ተሸክመን አልወጣንም፤ ቦርሳው የሚችለውን ብቻ ነበር የምንይዘው። እዚህም እንደዚያው ነው። በ2014ቱ እትም ሕግ (በ2024 አዲስ ወጥቷል፤ ልጆቹ የሚጫወቱት በቀድሞው ነው) የልጄ አስማተኛ በመጽሐፉ 10 አስማት ይጽፋል፣ ጠዋት ከእነሱ 6ቱን መርጦ ይይዛል፣ በቀን የሚጠቀመውም 6 ጊዜ ነው፤ 4 ጊዜ አንደኛ ደረጃ፣ 2 ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ። ታዲያ ጥያቄው “ሰይፉ የማይሠራልህን ምን ይሥራልህ?” ነው። ሰይፉ ይመታል። መምታትን በአስማት መድገም ለአንድ በሽታ ሁለት ዓይነት አንድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ስለዚህ ከመከላከያው ጀመርን፤ ልጁን ያሳመነው ሒሳቡ ነው። ያለ ምንም ነገር የመከላከያ ቁጥሩ 13 ነው። ጎብሊን የምትባለው ትንሽ ጠላት ባወጣችው ዕጣ ላይ 4 ስለምትደምር፣ ከ20 ዕጣ በ12ቱ ታገኘዋለች። ጠዋት “ሜጅ አርመር” የሚባለውን ከያዘ ለ8 ሰዓት ቁጥሩ 16 ይሆናል፤ ጎብሊን ከ20 በ9ኙ ብቻ። የብሌድሲንገሩን ልዩ ችሎታ ሲያስነሣ 19 ይደርሳል፤ ከ20 በ6ቱ። “ሺልድ”፣ ማለትም ጋሻ፣ 5 ይጨምርለትና 24 ይሆናል። ያኔ ጎብሊን የምታገኘው 20 ቁጥር ራሱ ከወጣላት ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሲያሰላ እርሳሱን ነክሶ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ሁለቱን የእሳት አስማት በላጲስ አጠፋ።

ጋሻው ልዩ የሚሆነው ከተመታ በኋላ መጠራቱ ነው። ተራው ሳይደርስ፣ ምቱ መድረሱ ከታወቀ በኋላ፣ በአጸፋ ይነሣል። በድንገተኛ ክፍል አድሬናሊን ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፍበትም፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። “አብሶርብ ኤለመንትስ”ም የዚሁ ዓይነት ነው፣ የእሳትን፣ የብርድንና የመብረቅን ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል። ግን አጸፋ በአንድ ዙር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ዙር መጠቀም አይቻልም።

ከሁለተኛ ደረጃ ላይ “ብለር” እና “ሚረር ኢሜጅ” አከራከሩን። ሁለቱም ጠላትን ያሳስታሉ። “ብለር” ግን ትኩረት ይጠይቃል፤ ባለቤቱ በተመታ ቁጥር ዕጣ አውጥቶ ቢያንስ 10 ካላገኘ አስማቱ ይፈርሳል፣ ምቱ ከከበደም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ትኩረት የሚሻ አስማት ደግሞ ከአንድ በላይ አብሮ አይያዝም። ከኋላ ለሚቆም ሰው ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ከፊት ለሚቆም ግን ችግር ነው። “ሚረር ኢሜጅ” ሦስት አምሳያ ፈጥሮ ትኩረት ሳይጠይቅ አንድ ደቂቃ ይቆያል። እሱን ያዝን። ሌላው “ሚስቲ ስቴፕ” ነው፤ ከከበቡት መሀል 30 ጫማ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ብን ብሎ ይወጣል። ዕድል ከማይቆጥረው “ቡሚንግ ብሌድ” ጋር ሲገጥም ደስ ይላል፦ በሰይፉ ይመታል፣ ወዲያው ይሰወራል፣ የተመታው ሊያሳድደው ከተነሣ ነጎድጓድ ይመታዋል።

አንድ ብልሃትም አገኘሁ። “ዲቴክት ማጂክ”፣ “ኮምፕሪሄንድ ላንጉዌጅስ” እና “ፋይንድ ፋሚሊያር” በመጽሐፉ ከተጻፉ ጠዋት ሳይመረጡም፣ 10 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ተወስዶ፣ ከመጽሐፉ እየተነበቡ ይሠራሉ። ስለዚህ ከስድስቱ ቦታ ሳይወስዱ ከአሥሩ ውስጥ ይጻፋሉ። ለሩቅ ጠላት የማይስተውን “ማጂክ ሚሳይል” ጨመርን። አሥረኛውን ራሱ ይምረጥ አልኩና “በርኒንግ ሃንድስ” አለ፤ እሳት። ይሁን።

ሦስተኛው አስማተኛ አራት ምሽት ተጫውቶ አልሞተም። በሦስተኛው ምሽት ከፊት ቆሞ በዕድሜ ትልቋን የአክስቱን ልጅ ገጸ ባሕርይ አትርፏል። እህቴም ደብተሩን መልሳለች፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ “የጨዋታ መጽሐፍ” ይባል በሚል ቅድመ ሁኔታ። ልጁ ተስማማ።

ወላጆች የምትጠብቁት አስማቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ጨዋታው እስኪበቃው ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል፣ ማታ ከተጀመረ እንቅልፍ ይበላል፤ እኛ ቤት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲኒው ይነሣል። በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጫወቱ ከሆነ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ። ከተቻለ አንድ ቀን አብራችሁ ቁጭ በሉ፤ ቆሎ አቅርባችሁ ከጎን መስማት ይበቃል።

አሁን ልጁ አዲስ አበባ ተመልሷል፣ በስልክ ነው የምንከራከረው። አስማተኛው አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ “ፋየርቦል”ን ሊወስድ ይፈልጋል። ከወደቀበት ቦታ ዙሪያውን 20 ጫማ የሚያቃጥል ነው፤ ጠላት ከቦት ሳለ ቢያስነሣው ራሱም ይነዳል። “በ‘ሚስቲ ስቴፕ’ መጀመሪያ እወጣለሁ፣ ከዚያ እወረውራለሁ” አለኝ። ሕጉን ገልጬ አነበብኩለት፦ በተጨማሪ ተግባር አስማት የተጠቀመ ሰው በዚያው ተራ በዋናው ተግባሩ ዕድል የማይቆጥሩትን ቀላል አስማቶች ብቻ ነው የሚፈቀድለት። “ገጹ ስንት ነው፣ እማማ?” አለ። ነገርኩት። ራሱ አንብቦ ሊደውልልኝ ነው።