መስታወቱን ከማቅለምዎ በፊት

የቡሄ ሰሞን ነበር። ደብረ ታቦር ከተማ በጅራፍ ጩኸት ደምቃለች፤ የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። አጎቱ ከውጭ ያመጣለትን ተገጣጣሚ የአውሮፕላን ሞዴል ሊጨርስ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብራሪውን የሚሸፍነው ግልጽ ፕላስቲክ። «እንደ ጥቁር መነጽር ጠቆር ይበል» አለ። የጥፍር ቀለም ሰጠሁት። ወፍሮ ሲያስጠላው «በዚህ አጥፋው» ብዬ አሴቶን ያቀበልኩትም እኔው ነኝ። ወዲያው ፕላስቲኩ ጉም መሰለ፤ ተሸበሸበ።

«አክስቴ፣ ሌላ እኮ የለውም» አለኝ። ካርቶኑን ዘግቶ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። መሥሪያ ቤት ናሙና ሳንሞክር ምርት ገበያ አናወጣም፤ ቤቴ ስገባ ግን ይህንኑ ረሳሁት። እርስዎ እንዳይደግሙት ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ላካፍልዎ።

በቅድሚያ የእውነተኛውን አውሮፕላን ፎቶ ከልጅዎ ጋር ይመልከቱ። የእኛው ሞዴል ኤፍ-5 ነው፤ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ እነ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ያበረሩት ዓይነት። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። ኤፍ-16 ግን በስሱ ስለሚለበጥ ጠቆር ወይም ወርቃማ ይመስላል። የዩኤች-1 ሄሊኮፕተር ከአብራሪው ራስ በላይ ያሉት መስኮቶች አረንጓዴ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በ2004 ዓ.ም. የተረከበው ድሪምላይነር ደግሞ መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ቁልፍ ሲጫኑ በኤሌክትሪክ ይጠቁራል።

ቀለሙ ስስ ይሁን። 14 ሜትር ከግማሽ ገደማ የሚረዝመው ኤፍ-5 በ1/72 መጠን ሲሠራ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ትንሽ ነገር ላይ ወፍራም ቀለም መስታወት ሳይሆን ጥላሸት ይመስላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግልጹን ፕላስቲክ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ የጣት ቅባት ቀለም አያስይዝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ለሞዴል የተሠራውን «ስሞክ» የተባለ ግልጽ ቀለም ያስመጡ። ለትንንሽ መስኮቶች ነጩ የእንጨት ኮላ በጠብታ የምግብ ቀለም ተበጥብጦ ይሠራል፤ ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል። የሚቀባው በውስጥ በኩል ነው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አይደርቡ፤ አቧራ እንዳያርፍበት ብርጭቆ ይድፉበት። ሲያጣብቁም ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ትነቱ ፕላስቲኩን ነጭ ያደርገዋል። ኮላው ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ቁርጥራጩ ላይ ይሞክሩ። ግልጹ ክፍል ተያይዞበት የሚመጣው የፕላስቲክ ዘንግ ይጣላል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፤ ያው ፕላስቲክ ስለሆነ መሞከሪያ ይሆናል። አሴቶኑን መጀመሪያ እሱ ላይ ባንጠባጥብ ኖሮ ልጁ አያዝንም ነበር።

ተበላሽቶ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። እኛ የተበላሸውን ለልክ ይዘን ከእንጨት ተመሳሳይ ቅርጽ ጠረብን። ቅርጹን ታችው በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ወትፈን፣ መስኮት ከፍተን፣ ከከሰል ምድጃ ከፍ አድርገን አዟዟርነው። ጠርሙሱ በሙቀቱ ተኮማትሮ ቅርጹን ያዘ። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጁ ራቅ ብሎ ይመልከት። ሲበርድ በመቀስ ቆረጥነው። አረንጓዴ የለስላሳ ጠርሙስ ብትጠቀሙማ ለሄሊኮፕተሩ መስኮት ቀለም እንኳ አያስፈልጋችሁም።

የመጀመሪያው ተጣመመ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲገጥም ልጁ የምግብ ቀለሙን አንስቶ ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ተጣመመው ቁራጭ ዞረ።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ እንየው» አለኝ።

ካርቶኑ ከቁም ሳጥኑ ወርዷል።