እንዴት ታወቀ? ታሪክን ከቀዳሚ ምንጮች ማስተማር

ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን በመማሪያ መጽሐፉ ያነበዋል፣ ለፈተና ይይዘዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ነገሩ እውነት ነው። ግን እንዴት ታወቀ? ማን አዘዘ? ማን አየ? ማን ካደ? በቀዳሚ ምንጮች ታሪክን የማስተማር ዘዴ የሚነሳው ከነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ቀዳሚ ምንጭ የምንለው ድርጊቱ በተፈጸመበት ዘመን የተሠራን ወይም በቦታው የነበረ ሰው የተወውን ማስረጃ ነው። ደብዳቤ፣ ውል፣ አዋጅ፣ ፎቶግራፍ፣ ሳንቲም፣ በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ የአዛውንት ትዝታ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። በሀገራችን ወግ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም፤ በዚህ ዘዴም ተማሪው ከፍርዱ በፊት ምስክሮቹን ይሰማል።

የጋዙን ጉዳይ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። መምህሩ መጀመሪያ የሚሰጠው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ በአማርኛ ካደረጉት ንግግር የተቀነጨበ ግማሽ ገጽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ በሰው፣ በከብትና በውኃ ላይ መርዝ እንዳዘነቡ በዝርዝር ከሰሱ። ተማሪዎች ወዲያው መጠየቅ አለባቸው፤ ተናጋሪው ከሳሽ ናቸው፣ እርዳታም ይፈልጋሉ፤ ታዲያ ቃላቸው ብቻውን ይበቃል?

ሁለተኛው ምስክር የቀይ መስቀል ሐኪሙ ማርሴል ዡኖ ነው። ኮረም አካባቢ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች «አቤት» እያሉ ሲማጸኑ መስማቱን ጽፏል። ስዊዘርላንዳዊ ስለሆነ ከተዋጊዎቹ ወገን አይደለም። ትዝታውን በመጽሐፍ ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የዓመታቱ ርቀት ምን ሊያስረሳ፣ ምን ሊያጎላ ይችላል? ይህም ለውይይት ይቀርባል።

ሦስተኛው ከአዛዡ ከራሱ የወጣ ወረቀት ነው። የጣሊያኑ መሪ ሙሶሊኒ ለጦር አዛዦቹ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ፣ ታኅሣሥ 18 ደግሞ ለባዶሊዮ በላካቸው ቴሌግራሞች በጋዝ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። እነዚህ በምስጢር የተላኩ ትእዛዞች እንጂ ለሕዝብ የተነገሩ ቃሎች አይደሉም። የሚያስከስሰውን ነገር በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ቃል ለምን እንደሚከብድ ተማሪዎች ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከሁሉም የሚፈትነው አራተኛው ምስክር ነው። ስመ ጥሩው ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በጦርነቱ መኮንን ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዋግቷል። ጋዝ ተጥሏል መባሉን ለብዙ ዓመታት ሲያስተባብል ኖረ፤ መከራከሪያውም እዚያው ነበርኩ የሚል ነው። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ግን ሰነድ እየጠቀሰ ተሟገተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። በቦታው የነበረ ሰው ሁሉን አየ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

የዘዴው ጓዝ ቀላል ነው። ማን ጻፈው፣ መቼና ለማን? በዚያን ጊዜ ምን እየሆነ ነበር? ሌሎች ምንጮች ይስማማሉ? ቃላቱ ምን ይላሉ፣ ምንስ ይዘላሉ? አሜሪካዊው ተመራማሪ ሳም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት የታሪክ ባለሙያዎችንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አንድ ዓይነት ሰነዶች አስነብቦ ነበር። ባለሙያዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጸሐፊውን ማንነት ሲፈልጉ ተማሪዎቹ ግን በቀጥታ ወደ ንባቡ ገቡ። ልዩነቱ የብዙ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ይለመዳል።

በእኛ ክፍሎች ችግሩ የታወቀ ነው። ተማሪው ብዙ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀቱ ጥቂት ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም አንድ አንቀጽ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ወይም ጮክ ብሎ ተነቦ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያወያያል። የጄኔቫው ንግግር በአማርኛ የተነገረ ነውና አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ ያለ አስተርጓሚ ያገኘዋል። ሰነድ የሚፈልግ መምህር አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉለት፤ በየአካባቢውም የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የደብር መዝገብና የሽማግሌ ትዝታ አለ።

የሚጋጩ ምስክሮችን ለልጆች ማቅረብ ሁሉም የየራሱ እውነት አለው ወደሚል መደምደሚያ ያደርሳቸዋል ብለው የሚሰጉ አሉ። የጋዙ ትምህርት የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ምስክሮቹ ተጋጩ፣ ተመዘኑ፣ እውነቱም ጸና። ዛሬ ምንጩ ያልታወቀ ፎቶና የጥንት ደብዳቤ ነው የተባለ ጽሑፍ በየስልኩ ይዘዋወራል፤ በታሪክም እንጣላለን። ድምዳሜውን ብቻ የሸመደደ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚክድ ሰው ሲያጋጥመው መልስ ያጣል። እንዴት እንደታወቀ የተማረ ግን ማስረጃውን ይጠይቃል፣ የራሱንም ያቀርባል። ይህን ችሎታ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማድረስ የታሪክ ትምህርት ዋና ሥራ ሊሆን ይገባል።