ብርማዋ መርሴዲስ፤ ቆንጆም ገዳይም
የኳስ ወዳጆች ለዛሬ ይፍቀዱልንና ስለ መኪና እናውራ። የድሮ የውድድር መኪኖች ውበት ሲነሳ ብዙው ሰው ፌራሪን ይጠራል፤ የእኔ ምርጫ ግን ብርማዋ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 ስተርሊንግ ሞስ 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የጣሊያን ሚሌ ሚሊያ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨረሰባት። ያውም በተራ መንገድ! ኮፈኗ ላይ በቀይ የተጻፈው 722 የተነሳችበት ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1፡22። የሞተሯ ጩኸት ስለማያነጋግር አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን ኩርባውን ከጥቅል ወረቀት እያነበበ በእጅ ምልክት ይነግረው ነበር።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ግን በፈረንሳዩ ሌማንስ የፒየር ሌቬግ ተመሳሳይ መኪና ከፊቷ ካለችው ጋር ተላትማ ተመልካቹ ላይ ተበታተነች። ከ80 በላይ ሰው አለቀ፤ ሌቬግም ሞተ። መርሴዲስ በዓመቱ መጨረሻ ውድድሩን ተወ። በ2022 ባለ ጣሪያዋ እህቷ 135 ሚሊዮን ዩሮ አወጣች።