አንጎልሽ ነው የታመመው ወይስ ፊልሙ?

«ዕድሜዬ 26 ነው። ራሴን እየደጋገመ ሲያመኝ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ወረቀቱ ላይ ‹ስትሮክ ሊሆን ይችላል› ይላል። ሠርጌ ሊደርስ ሦስት ወር ነው የቀረው። ለእጮኛዬ ልንገረው ወይስ ቀለበቱን መልሼ ልጥፋ?» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል።

ኧረ እህቴ፣ ቀለበቱ ይቆይ! «ሊሆን ይችላል» እና «ነው» ለየቅል ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፊልምሽንም አላየሁም። ግን ነገሩ በምን እንደሚለይ ላጫውትሽና ሐኪምሽን ምን ብለሽ እንደምትጠይቂው ዕወቂ።

ኤምአርአይ እንደ ፎቶ ካሜራ አይምሰልሽ። በኃይለኛ ማግኔት ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውኃ እያነበበ ሥዕል የሚሠራ ማሽን ነው። ስትሮክ ሲመታ፣ ደም የተቋረጠባቸው ሴሎች ያብጡና ውኃው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ይህን የሚያሳየውን ሥዕል «ዲፍዩዥን» ይሉታል፤ የተጎዳው ቦታ እንደ አምፖል ቦግ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በድመቶች ላይ ሲሞክሩት፣ የተለመደው የኤምአርአይ ሥዕል ገና ምንም ሳያሳይ ይኼኛው ጉዳቱን አጋልጦታል።

ጣጣው ምን መሰለሽ? ቦግ ያለ ሁሉ ስትሮክ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሞቹ «ኤዲሲ» የሚባለውን ሥዕል ጎን ለጎን ያያሉ። በዲፍዩዥን የነጣው ቦታ በኤዲሲ ከጠቆረ፣ አዲስ ስትሮክ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይበረታል። በሁለቱም ከነጣ ግን የቆየ ጠባሳ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። መጥቆሩም ቢሆን አንድ ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ሕመሙ የጀመረሽን ቀን በትክክል ንገሪያቸው።

ማሽኑ ራሱ የሚያታልልበት ቦታም አለ። ከሳይነስ በላይና ከጆሮ አጥንት አጠገብ፣ አየርና አጥንት ከአንጎል ጋር በሚጎራበቱበት፣ ማግኔቱ ይዛባና የሌለ ነጭ ነገር ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜም ግራና ቀኙ ተመሳስሎ ነው። ጥርሳችሁን በብረት ያሳሰራችሁ ቆነጃጅትማ... የፊተኛውን አንጎል አጣሞ ጉድ ያደርገዋል! ማይግሬን ያለባቸው ወጣቶች ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች መታየታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሐኪምሽን እንዲህ በዪው፦ «ነጩ ቦታ ኤዲሲ ላይ ጠቁሯል? በሌላ አቅጣጫ በተነሣው ሥዕልስ ይታያል? ቦታው እኔ ከሚሰማኝ ጋር ይገጥማል?» የግራው አንጎል ቀኝ እጅና እግርን ስለሚያዝ፣ ቦታውና ሕመሙ መገጣጠም አለባቸው።

ይህን አንብቦ «ማሽን ውሸታም ነው» ብሎ ቤቱ የሚተኛ እንዳይኖር! አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ሚዛን ከጠፋ ፊልም አታማርጡ፤ ሆስፒታል ሩጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ከአንጎል በስተኋላ ያለ ትንሽ ስትሮክ ፊልም ላይ ሊደበቅ ይችላል። ንጹሕ ፊልም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ለእጮኛሽስ? ንገሪው እንጂ! ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዢና ዛሬ ነገ ሳትሉ አብራችሁ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሥዕሎቹን ሐኪሙ በዓይኑ ማየት አለበት። በቀጠሮው ቀን ሰውዬው ከቀረ፣ ያኔ ስለ ቀለበቱ እንደገና ጻፊልኝ።