የሳንባ እጥበት ፈሳሽ የፈንገስ ምርመራ

የሳንባ እጥበት ፈሳሽ የፈንገስ ምርመራ ከሳንባ ውስጥ የተወሰደ ፈሳሽ በላቦራቶሪ የሚመረመርበትና ሳንባን ያጠቃ ፈንገስ መኖር አለመኖሩ የሚጣራበት ዘዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሕሙማን ነው፤ ለምሳሌ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ፣ የደም ካንሰር ሕክምና ለሚወስዱ ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው። የባክቴሪያ መድኃኒት ፈንገስን ስለማይገድል፣ ምክንያቱ ሳይለይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው።

የናሙና አወሳሰድ

ሐኪሙ ብሮንኮስኮፕ የተባለ ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል ወደ አየር ቧንቧ ያስገባል። በቱቦው ውስጥ በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ከጀርም የጸዳ የጨው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቅና ተመልሶ ይመጠጣል። የገባው ሁሉ አይመለስም። «እጥበት» ቢባልም ዓላማው እንደ ኩላሊት እጥበት ማከም ሳይሆን ናሙና ማግኘት ነው።

የላቦራቶሪ ሥራ

ፈሳሹ በሴንትሪፊውጅ ከተሽከረከረ በኋላ ዝቃጩ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ክፍልፋይ ያላቸው ክሮች አሉት፤ ክሮቹም በ45 ዲግሪ ገደማ ይቀነጠላሉ። የሙኮር ወገን ክሮች ግን ሰፋፊና ክፍልፋያቸው ጥቂት ነው። ከዝቃጩ ጥቂቱ በሳቡሮ ማብቀያ ላይ ይዘራል። አስፐርጊለስ በጥቂት ቀናት ሲበቅል፣ ሂስቶፕላዝማ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

መጠበቅ ለማይችል ሕመምተኛ ጋላክቶማናን ይለካል። ይህ አስፐርጊለስ ሲያድግ ከሕዋሱ ግድግዳ የሚለቀው የስኳር ዓይነት ነው።

ውጤቱን ማንበብ

ከባዱ ነገር ይህ ነው። ፈንገስ ተገኘ ማለት በሽታው አለ ማለት አይደለም። የአስፐርጊለስ ዘር በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ሁሉም ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል። ካንዲዳ ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ ቢገኝ በአብዛኛው ከአፍና ከጉሮሮ የመጣ ነው፤ የሳንባ ምች የሚያስከትለው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ከሲቲ ስካን ምስልና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ ይተረጎማል።

ኒሞሲስቲስ

በ1981 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ በአምስት ወጣት ወንዶች ላይ የታየው የኒሞሲስቲስ ሳንባ ምች ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲታወቅ ምክንያት ሆኗል። በዚያን ጊዜ ኒሞሲስቲስ ከፕሮቶዞዋ ይመደብ ነበር፤ ፈንገስ መሆኑ በዘረመል ጥናት የታየው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው።

በተለመደው ማብቀያ አይበቅልም። ብዙ ፈንገሶችን የሚገድለው አምፎቴሪሲንም አይሠራበትም፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት በሽፋኑ ላይ የለምና። የሚታከመው በኮትሪሞክሳዞል ነው፤ የፈንገሱን ዓይነት መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኤችአይቪ ባለባቸው ሕሙማን ሳንባ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ በብር ቀለም ጥቁር ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሌሎች ሕሙማን ግን ቁጥሩ አነስተኛ ስለሚሆን ፒሲአር ያስፈልጋል። ፒሲአር በሽታ ሳያስከትል የተቀመጠውንም ጥቂት ፈንገስ ሊያገኝ ይችላል፤ በእጥበት ፈሳሽ ላይ ኔጌቲቭ ሲሆን ግን በሽታው እንደሌለ ጠንካራ ማስረጃ ነው።